ስትጾም ሥጋ የምትበላው ልጅ

ከሁሉ አስቀድሜ ማን እንደሆንኩ ልናገር፤ ከዚህ በታች የምጽፈውን ያደረገው ማንም ተራ ሽማግሌ እንዳይመስላችሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ያቆምኩት ግን ትምህርት ቤት መሄዱን እንጂ መማሩን አይደለም። አዲስ አበባ ሳለሁ ሬዲዮ መጠገን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሸውንና የሚሠራውን ጎን ለጎን ፈትቼ ሁለቱን እያስተያየሁ ነው ራሴን ያስተማርኩት። ኦስሎ ስገባ ደግሞ ኖርዌጅኛን የተማርኩት ከልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ ነው። የቋንቋ መምህሬ ‹‹አንተ የምትናገረው እንደ ዕቃ መመሪያ ነው›› ብላኝ ታውቃለች። እኔ እንደ ምስጋና ነው የወሰድኩት፤ መመሪያ ወሬ አያበዛም፣ አያሻማም።

አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ በጽዳት ተቀጥሬ በመካኒክ ረዳትነት ነው ጡረታ የወጣሁት። እኔ ከምኖርበት ከሃውገሩድ ልጄ እስከምትኖርበት እስከ ሊንደበርግ ድረስ ባሉት ብሎኮች ውስጥ እጄ ያልገባ ማሽን ካለ ያልተበላሸ ማሽን ብቻ ነው። ምድር ቤት ያለችው የዕቃ ማስቀመጫ ክፍሌ ለሌላው ሰው የበረዶ ጫማና የአሮጌ ሻንጣ ማጎሪያ ናት፤ ለእኔ ግን ወርክሾፕ ናት። ጎረቤቴ፣ ፎቃችን ላይ ያለው ጴንጤ ወዳጄ፣ ‹‹ኢንጂነር›› እያለ ይጠራኛል። ሲያሾፍ ነው። እኔ ግን አቤት እላለሁ፤ ስሙ ይገባኛልና።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው አያት የሆነው።

የልጅ ልጄ በተወለደች በሳምንቷ ከሆስፒታል ተደወለ። እዚህ አገር የተወለደ ሕፃን ሁሉ ተረከዙ ወጋ ተደርጎ ደሙ ይመረመራል። የልጅቷ ደም እዚህ ፔኮኡ የሚሉትን አብሮ የሚወለድ ሕመም አሳየ። ልጄ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች፣ ወሬው ካለቀ በኋላም ቆማ ቀረች። በሐበሾች ዘንድ ብዙ የማይታይ ነገር ነው አሏት፤ እኛም ከዚያ በፊት ሰምተነው አናውቅም። እሷ አለቀሰች። እኔ ማንበብ ጀመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንበላው ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ሲፈታ አሚኖ አሲድ ወደሚባሉ ቁርጥራጮች ይለያያል። ከቁርጥራጮቹ አንዱ ፌኒልአላኒን ይባላል። የእኔና የእናንተ ጉበት ይህን ይዞ ታይሮሲን ወደሚባል ሌላ ቁራጭ ይቀይረዋል፤ ከታይሮሲን ደግሞ አንጎል ዶፓሚን ይሠራል፤ ልባችንን ሰብስበን አንድ ነገር ላይ እንድንቆይ የሚያደርገን አንዱ እሱ ነው። የልጅቷ ጉበት የሚቀይርበት መሣሪያ የለውም። ስለዚህ ያ ቁራጭ ደሟ ውስጥ ይጠራቀማል።

ይጠራቀም፣ ምን አለበት? ያላችሁ እንደሆነ፣ ችግሩ በሩ ነው። አሚኖ አሲዶች ወደ አንጎል የሚገቡት በየራሳቸው በር አይደለም፤ ብዙዎቹ አንድ በር ይጋፋሉ። አንዱ ዓይነት በዝቶ በሩን ከሞላው ሌሎቹ ውጭ ይቀራሉ። ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት፣ ከሊንደበርግ ጢም ብሎ የሚመጣውን ቲ-ባነ የሚሉትን የከተማ ባቡር ሃውገሩድ ጣቢያ ላይ ቆሞ የጠበቀ ሰው ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልገውም። በሩ ይከፈታል፤ የሚገባ ግን የለም። ውጭ ከሚቀሩት አንዱ ትሪፕቶፋን ነው፤ አንጎል ሰውን የሚያረጋጋውን ሴሮቶኒን የሚሠራው ከእሱ ነው። በሕፃንነት ቸል ከተባለ የልጁ አእምሮ እስከ መጨረሻው ይጎዳል። ቸል ካልተባለ ደግሞ ልጁ እንደማንም ልጅ ይማራል፣ ያድጋል።

እኛ ቸል አላልንም። ልጄ ወጥ ቤት ውስጥ የወርቅ ሚዛን የምታህል ሚዛን ተከለች። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ የስንዴ ዳቦ የለም። ድንችም ሳይቀር ይመዘናል። በዚያ ፋንታ ልጅቷ ሌሎቹ አሚኖ አሲዶች የተቀላቀሉበትን መጠጥ በቀን ሦስቴ ትጠጣለች፤ ሽታው ውሃ የነካው ካርቶን ከዓሣ ዘይት ጋር እንደማለት ነው። በዚህ አደገች፤ ጎበዝም ወጣት። ገና ትንሽ ሳለች ጀምሮ ወርክሾፔ ትመጣለች፤ የውሃ መግፊያ ሞተር ፈትታ መልሳ ስትገጥም አንዲት ብሎን አይተርፋትም። ይህን ከማን እንደወረሰች መናገር አያስፈልገኝም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ ትሪ ቀርቦ ሰው ሲሰበሰብ፣ እሷ ከቦርሳዋ የፕላስቲክ ሣህኗን አውጥታ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። እናቷ ለወጥ ቤት ሴቶቹ ልጅቷ ገና በእግሯ ሳትሄድ ‹‹ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል እንዳትሰጧት›› ብላ አደራ ብላቸዋለች። እነሱም አደራቸውን ጠብቀዋል። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ ይመጣል።

ስለ አንድ ነሐሴ ልንገራችሁ። ልጅቷ ኡንግዶምስኩለ፣ ማለትም ስምንተኛ ክፍል፣ ልትገባ ነው። ፍልሰታ ሊገባ ሲል እኔ ቤት መጥታ በረንዳ ላይ ተቀመጠች።

‹‹አባባ፣ ዘንድሮ ፍልሰታን እጾማለሁ።››

‹‹አንቺ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ አይደለሽ እንዴ?››

‹‹እሱ ጾም አይደለም። እሱ ዲየት ነው። ማንም ‹ጎበዝ› አይለኝም።››

‹‹እኔ እልሻለሁ።››

‹‹አንተማ አያቴ ነህ፤ አትቆጠርም።›› አንተ ነው የምትለኝ፤ እዚህ የተወለዱ ልጆች እርስዎ ማለት አይሆንላቸውም፣ ለምጄዋለሁ። ‹‹አስበው እስቲ። በፍልሰታ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። ሁሉም እንደ እኔ ነው የሚበሉት። እስኪፈታ ድረስ እኔ ኖርማል ነኝ።››

ከሰንበት ትምህርት ቤት ሁለት ጓደኞች አሏት፤ ሦስቱ አብረው ሊጾሙ፣ አብረው ሊቆርቡ ተማምለዋል። እናቷም፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ቫክት፣ ማለትም የቀንና የሌሊት ፈረቃ፣ እየተፈራረቀባት የምትሠራ ሴት ናት፣ ‹‹የራስሽን ምግብ ብቻ ብዪ እንጂ ጸሎቱማ ደግ ነው›› አለቻትና ተስማሙ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስታዋን ብታዩ! ከሥራ በኋላ ቅዳሴ አለ፤ ልጅቷ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ትቆማለች። የፕላስቲክ ሣህኗን ከቦርሳዋ ስታወጣ አላየኋትም፤ እኔ ከወንዶቹ ጋር ስለምቀመጥ ከጓደኞቿ መሐል ጀርባዋ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ወርክሾፔ መጣች። ግሮሩድ ከሚባለው ሰፈር የመጣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበረኝ፤ የውሃ መግፊያውን ፈታችው። እዚህ ድረስ ደህና ነው። ልትገጥመው ስትል ግን እጇ ቆመ። ማሸጊያ ጎማውን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ እንደገና አነሳች።

‹‹ይሄ መጀመሪያ ነው ወይስ በኋላ?›› አለችኝ።

ይህን ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቀችኝ ገና አንደኛ ክፍል ሳለች ነበር። ‹‹አንቺ ንገሪኝ እንጂ›› አልኳት።

‹‹አላውቅም አልኩህ!›› ብላ መፍቻውን ወርውራ ወጣች። ልጅቷ ዕቃ ወርውራ አታውቅም። በማግሥቱ አዲሱ ትምህርት ቤት በተከፈተበት ቀን ቦርሳዋን ቲ-ባነ ውስጥ ረስታ ወረደች። ቤት ገብታም እናቷ ላይ ጮኸች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ለምን እንዳለቀሰች ግን አታውቅም።

እናቷ ‹‹አባዬ፣ ዕድሜዋ ነው፤ አዲስ ትምህርት ቤትም ነው›› አለችኝ። ጴንጤው ወዳጄ ደግሞ ጣቢያው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ሆኖ፣ ‹‹ጾሙ ነዋ ያናደዳት። የእናንተ ሰዎች ሲጾሙ እኮ ቀና ብሎ ማየት ያስፈራል›› አለና ሳቀ። ‹‹ደግሞስ አንተ ከማሽን አልፈህ የልጅ አንጎል ልትፈታ ነው?››

‹‹ከተበላሸ እፈታለሁ›› አልኩት።

ዕድሜዬን ሙሉ የተማርኩት አንድ ነገር አለ፤ ማሽን ሲበላሽ የሚጮኸው ክፍል ሁልጊዜ የተበላሸው ክፍል አይደለም። ልብሱ የሚሽከረከርበት ከበሮ ሲጮህ ከበሮውን የሚቀይር ገንዘቡን ይጥላል። ጩኸቷ ከጠባይዋ ሳይሆን ከደሟ ነው የመጣው አልኩ፤ ማንም ሳይነግረኝ። ያን ቀን ማታ ሊንደበርግ ሄጄ እናቷ ባለችበት ለልጅቷ ነገርኳት።

‹‹ጣትሽን ወጋ እናድርግና ደሙን እንላክ።››

‹‹ናይ!›› አለች፤ እምቢ ስትል ሁልጊዜ በኖርዌጅኛ ነው። ‹‹ከፍ ብሎ ከተገኘ ታስቆሙኛላችሁ።››

‹‹ካልተገኘ ደግሞ እኔ እስከ ጾሙ መጨረሻ አፌን እዘጋለሁ። እኔ አፌን ስዘጋ አይተሽ ታውቂያለሽ?››

‹‹አላውቅም።››

‹‹ስለዚህ ያስያዝኩት ትልቅ ነገር ነው።››

ሳትወድ ሳቀች፤ ጣቷን ሰጠችን። እናቷ ደሙ የተንጠባጠበበትን ወረቀት በፖስታ መላክ ትታ በማግሥቱ ራሷ ሆስፒታል አደረሰችው።

ከሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያዋ ደወለች። ልጅቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታውቅ፣ ረጋ ያለች ኖርዌጅያዊት ናት። እናቷ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ደሟ ውስጥ ያለው ፌኒልአላኒን ከሚገባው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ‹‹ምን እየበላሽ ነው?›› ስትል ልጅቷን ጠየቀቻት።

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ነገረቻት። ሒሳብ ሠርታ ነበር ለካ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ካልቀመስኩ የቀኑ ፕሮቲኔ በሙሉ ይቀመጥልኛል፣ ማታ ከሰው ጋር ትሪ ላይ አወጣዋለሁ ብላ አስባለች። መጠጡንም ጾም ይፈታብኛል ብላ ቀን ቀን ትታዋለች። ማታ አዳራሽ ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ሽሮ በእንጀራ፣ ምስር በእንጀራ። የወጥ ቤት ሴቶቹ ደግሞ ‹‹ብዪ የኔ እናት፣ የጾም ነው፤ ሥጋ የለው፣ ወተት የለው!›› እያሉ ይጨምሩላታል። አደራቸውን አልበሉም፤ ማንም ስለ ሽሮ አልነገራቸውም። የጾም ምግባችን ደግሞ ምንድን ነው? ሽምብራ ነው፣ ባቄላ ነው፣ ምስር ነው፤ ሥጋውን የምንተካበት ፕሮቲን እኮ ነው።

‹‹የሽሮው ነገር ግልጽ ነው›› አለች ባለሙያዋ። ‹‹ግን ሽሮውን ባትበዪም ከፍ ይል ነበር። ፕሮቲን ለማታ አይቀመጥም። ለረጅም ሰዓት ስትራቢ፣ መጠጡንም ስትተዪ፣ ሰውነትሽ ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ የራስሽን ጡንቻ እያፈረሰ ይጠቀማል። ከጡንቻው ውስጥ ያው ፌኒልአላኒን ይወጣል።››

እኔ ብድግ አልኩ። ‹‹ይቅርታ፣ ጡንቻ ማለት ሥጋ ነው፣ አይደል?››

‹‹ነው።››

‹‹እንግዲያው ይቺ ልጅ ስትጾም ሥጋ ነው የምትበላው።››

‹‹እንደዚህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም›› አለች ባለሙያዋ፤ ‹‹ግን አዎ፣ እንደዚያ ማለት ትችላለህ።››

ደግነቱ አሁን ከታረመ አእምሮዋ ይመለሳል አለች፤ ዋናው ነገር ዛሬውኑ መብላትና መጠጣት መጀመሯ ነው። ስልኩ ሲዘጋ እናቷ ‹‹በቃ፣ ጾሙ ዛሬ አበቃ›› አለች። ትክክል ነበረች። ልጅቷ ግን ከወንበሩ አልተነሳችም።

‹‹ታዲያ እኔ መቼ ነው ከሰው ጋር የምበላው?›› አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ‹‹በፍስክም ብቻዬን፣ በጾምም ብቻዬን። እዚያ ጥግ ላይ ተመልሼ አልቀመጥም። ቤተ ክርስቲያንም አልሄድም።››

እዚያው ቆሜ ወሰንኩ። ጭንቅላቷም ይጠራል፤ ከትሪውም አትነሳም። አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው ያለብን የሚመስላቸው ሰዎች ማሽን ገጥመው አያውቁም። ‹‹አንቺ መጠጥሽን ጠጪ›› አልኳት፤ ‹‹ሌላውን ለእኔ ተይው።››

‹‹ምን ልታደርግ?››

‹‹ገና አላወቅኩም። ግን አደርገዋለሁ።››

መጀመሪያ ወደ ቄሱ ሄድኩ። ቀሲሳችን በሳምንቱ ቀናት ባርነሃገ ውስጥ፣ ከሕፃናት ጋር የሚሠሩ ሰው ናቸው፤ ነጠላቸውን ሲያወልቁ ጃኬታቸው ላይ ብዙ ጊዜ የቀለም ነጠብጣብ ይታያል። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ያዝኳቸው፤ ልጅቷ አጠገቤ ናት።

‹‹ጋሼ፣ ታማሚ በጾም አይገደድም፤ ይህን እርስዎም ያውቃሉ›› አሉኝ፤ ነገሩን ገና ሳልጨርስ። ‹‹ትፍታ፤ ምንም የለባትም።››

‹‹እሷ እኮ መፍታት አይደለም የፈለገችው ቀሲስ። መጾም ነው የፈለገችው። ችግሩ ስትራብ ሥጋ ትበላለች።››

‹‹ምን?››

አስረዳኋቸው። ጡንቻውን፣ ጉበቱን፣ በሩን። መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁን ተውትና ጢማቸውን ያዙ። ‹‹እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼም አላውቅ›› አሉ። ‹‹እኔ ባርነሃገ ስሠራ ኦቾሎኒ ለማይነካው፣ ስንዴ ለማይነካው ሣህን ስለይ ነው የምውለው። ግን በባዶ ሆዱ ሥጋ የሚበላ አልገጠመኝም።›› ወደ ልጅቷ ዘወር አሉ። ‹‹ልጄ፣ ያ መጠጥሽ ጣዕሙ እንዴት ነው?››

‹‹ያስጠላል።››

‹‹ምን ያህል?››

ቦርሳዋን ከፍታ ጠርሙሱን አወጣችና ክዳኑ ላይ ጠብ አደረገችላቸው። ‹‹ወተት የለበትም?›› ብለው ጠየቁኝ፤ የለበትም አልኩ። ቀመሱት። ፊታቸው እንደ ጨርቅ ተጨመደደ።

‹‹እግዚኦ!›› አሉ። ‹‹ይህን በየቀኑ ትጠጫለሽ?››

‹‹በቀን ሦስቴ።››

‹‹እኔ ይህን ከምጠጣ ሁዳዴን ሁለት ጊዜ ብጾም እመርጣለሁ።›› ልጅቷ ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም። ‹‹እንግዲህ ስሚኝ። ጾምሽ ይኸው ነው። በሰዓቱ ትጠጪዋለሽ፤ አታስቀሪም፣ አታጉረመርሚም። የተፈቀደልሽን በሰዓቱ ትበያለሽ፣ ያልተፈቀደልሽን አትነኪም። ጓደኞችሽ በመራብ ይታዘዛሉ፤ አንቺ በመብላት ትታዘዣለሽ። ከእነሱ ያነሰ አይደለም። ማንም ቢጠይቅሽ ቀሲስ የሰጡኝ ጾም ነው በዪ።››

‹‹ቁርባኑስ?›› አለች።

‹‹እሱን ከአያትሽ ጋር እንመክርበታለን።››

ከእኔ ጋር! ይህን ለጴንጤው ወዳጄ በዚያው ዕለት ነገርኩት፤ እንዳይረሳውም ደገምኩለት። ለምግብ ባለሙያዋ ደወልኩ። ልጅቷ ማታ መጠጧን ጠጥታ ብትተኛ፣ ማለዳ ላይ ቆርባ ወዲያው ብትጠጣ፣ እንደማንኛውም ሌሊት ነው፣ ችግር የለውም አለች። ከዚያ ቁርባኑ ውስጥ ስንዴ እንዳለ ስነግራት ‹‹ክብደቱ ስንት ነው?›› አለችኝ። ‹‹ማንም መዝኖት አያውቅም፣ የመጀመሪያው ሰው እኔ አልሆንም›› አልኳት። ሳቀችና ፍርፋሪ ከሆነ እንደማትቆጥረው ነገረችኝ። ለቀሲስ ነገርኩ፤ የፍልሰታ በዓል ማለዳ ትቁረብ ተባለ።

የቀረው ትሪው ነው። የጾም ትሪ ያለ ጥራጥሬ፣ እንጀራውም ያለ ጤፍ። ይህ እንዳይሆን የሚያደርገው ሕግ የትም አልተጻፈም አልኩ።

ከሊንደበርግ የቁንጫ ገበያ የገዛሁት፣ ኖርዌጅያውያን ሌፍሰ የሚሉትን ስስ ቂጣ የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወርክሾፔ ውስጥ ነበር። ሙቀት መቆጣጠሪያው ሞቶ ነበር፤ ቀየርኩት። ከዚያ ፕሮቲን የሌለበት ዱቄት መፈለግ ነው። የካሳቫ ስታርችና የድንች ስታርች ገዛሁ። የመጀመሪያው እንጀራዬ ምጣዱ ላይ ተጣብቆ እንደ ግድግዳ ወረቀት ተፋቀ። ሁለተኛው እንደ መስታወት ተሰነጠቀ። ሦስተኛውን ወዳጄ ቀመሰውና፣ ‹‹ኢንጂነር፣ ይሄ ለአውቶቡስ ጎማ ይሆናል፤ ለምን ወደ ጋራዥህ አትመለስም?›› አለኝ። ፈገግ አላልኩም፤ ብዙ ሥራ ነበረብኝ።

የሚያያይዘው ነገር ጎድሎታል። ውሃ ሲነካው እንደ ሙጫ የሚጣበቅ የእህል ቅርፊት ዱቄት አለ፤ እዚህ ሰው ለሆድ ድርቀት ይጠጣዋል። ከእሱ ትንሽ ስጨምር እንጀራው መጠቅለል ጀመረ። ኮምጣጣነቱን ከጤፍ እርሾ ላይ ከጠለለው ውሃ ወሰድኩ፤ ባለሙያዋ ሒሳቡን ሠርታ ፈቀደችልኝ። ዓይን ግን አልወጣለትም። ዓይን የሌለው እንጀራ ደግሞ ልጅቷ ትሪ ላይ ብታቀርበው ‹‹ምንድን ነው ይሄ?›› መባሉ አይቀርም፤ ያ ጥያቄ እንዲነሳ አልፈለግኩም። ሊጡን ጋዝ ባለው የማዕድን ውሃ ማቅጠንና ምጣዱን ከለመድነው በላይ ማጋል መላው ሆነ። ሊጡ ሲያርፍ ዓይኑ ቧ ቧ እያለ ሲከፈት፣ ወርክሾፑ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ እጄን አጨበጨብኩ። ቀለሙ ነጣ ይላል፤ በተረፈ እንጀራ ነው።

ወጡ ቀላል ነበር። ዱባውን ቀቅዬ ፈጨሁት፤ በሽንኩርትና በበርበሬ ሳንተከትከው ከሩቅ ሽሮ ይመስላል። የካሮትና የጥቅል ጎመን አልጫ፣ የቲማቲም ስልስ። ሁሉም ተመዝኗል።

ከወጥ ቤት ሴቶቹ የበላይዋ ወይዘሮ ወገባቸውን ይዘው ተቀበሉኝ። ‹‹ወንድ የጋገረው እንጀራ በዚህ በር አልገባም ገና!›› አሉ።

‹‹ዛሬ ይገባል።››

‹‹ሽሮ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው የሚጎዳው? እኔ ልጅቷን በገዛ እጄ እኮ ነው...›› አሉና ድንገት አቋረጡት። ፊታቸው ጠቆረ።

‹‹እርስዎ የተነገረዎትን ጠብቀዋል›› አልኳቸው። ‹‹አሁን ደግሞ አዲሱን እነግርዎታለሁ።›› ነገርኳቸው። ከእንጀራው ቆርሰው ቀመሱ፣ ዱባውን አጠቀሱበት። ‹‹ጨው አንሶታል›› ብለው ጨው ጨመሩበት። በእሳቸው አፍ ይህ ፈቃድ ነው።

የጾሙ የመጨረሻ ማታ የልጃገረዶቹ ትሪ እኔ የጋገርኩት ሆነ። ሙሉው። ልጅቷ ከጓደኞቿ መሐል ተቀመጠች። እኔ ከወንዶቹ ጋር አልተቀመጥኩም፤ ምሰሶ ተደግፌ አይ ነበር። አንዷ ጓደኛዋ ጎርሳ፣ ‹‹ይሄ ሽሮ ለምን ይጣፍጣል?›› አለች። የልጅ ልጄ ‹‹አያቴ ነው የሠራው›› አለች፤ ዞር ብላም አላየችኝም፤ መጉረሷን ቀጠለች። ያን ያህል ነው። ከዚያ በላይ እንድትናገርልኝ አልፈለግኩም።

ማለዳ ላይ ቆረበች፤ ሦስቱም አብረው። አፏ ላይ ነጠላዋን ይዛ ስትወጣ እናቷ መጠጡን ይዛ በር ላይ ጠበቀቻት። ግን በዓሉ ነውና ፍስክ ሆነ፤ ትሪው ላይ ዶሮ መጣ። የማስበው ይህንን ቀን ነበር፤ ሰው ሁሉ ወደ ሥጋው ሲመለስ እሷ ወደ ጥጓ እንዳትመለስ። ስለዚህ ለልጃገረዶቹ ትሪ ራሴ አነጠፍኩ፤ በግማሹ የእኔን ነጭ እንጀራ፣ በግማሹ የጤፉን። የጤፉ ላይ ዶሮውን፣ የእኔው ላይ ዱባውን። መሐል ላይ ከዳር እስከ ዳር ጎመን አጠርኩ። ‹‹ይህን አጥር ከዚያ ወዲህ የሚሻገር የለም›› አልኳቸው።

‹‹ከዚህ ወዲያስ?›› አለች አንዷ።

‹‹ወደ ዱባው መሻገር ይቻላል።››

ተሻገሩ። ለዶሮው ከመቻኮላቸው የተነሳ ብዙ አይደለም፤ ግን ተሻገሩ። ልጅቷ የራሷን ጎን በላች፤ ትከሻዋ ከጓደኞቿ ትከሻ ጋር እንደተጋጠመ።

ከሳምንት በኋላ ባለሙያዋ ደወለች፤ የደሟ ውጤት ወደ ቦታው ተመልሷል። ልጅቷ ግን ከእሷ ቀድማ ነግራኛለች፤ ወርክሾፔ መጥታ ያንን የግሮሩድ ማሽን ሞተር ምንም ሳትጠይቀኝ ገጠመችው። ከዚያ ወድቆ የነበረውን መፍቻ ከሣጥኑ ሥር አውጥታ ቦታው ላይ አስቀመጠችው።

ያደረግኋቸውን ነገሮች እዚህ ልዘርዝራቸው፤ እኔ ካልጻፍኳቸው ማንም አይጽፋቸውም፦

ሁሉም ዕድሜዋ ነው ሲል፣ ደሟ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።

ጣቷን ያለ ልቅሶ አስወጋሁ።

አንድ ቄስ ያንን መጠጥ እንዲቀምሱ አደረግሁ።

ፕሮቲን የሌለበት፣ ዓይን ያለው እንጀራ ጋገርኩ፤ አሁን የሌሎች እንደ እሷ ያሉ ልጆች እናቶች በባለሙያዋ በኩል አሠራሩን ይጠይቁኛል። እኔም በኖርዌጅኛ፣ እንደ ዕቃ መመሪያ አድርጌ ጽፌ ሰጥቻለሁ።

የወጥ ቤቷ ወይዘሮ አሁን ማን ምን እንደማይበላ ሳይጠይቁ ሽሮ አይጨምሩም።

ጴንጤው ወዳጄ ያንን እንጀራ ሁለተኛ ጊዜ ጠይቆ በልቷል፤ ቢክድም።

ትሪ ላይ የጎመን አጥር የማጠር ሥርዓት አዳራሻችን ውስጥ ጀመርኩ፤ እስካሁን አልቀረም።

የልጅቷን የፕላስቲክ ሣህን እሷው አምጥታ ሰጠችኝ፤ ወርክሾፔ ውስጥ ብሎን አስቀምጥበታለሁ።